በሊማሊሞ መንገድ የአንጀት ሕመምና የነርስ ድርሻ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 መጀመሪያ ላይ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ በአክሱም አልፎ፣ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ጎንደር ገባ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ በፈንጣጣ ተጨንቃ ነበር። ሕክምና ያውቃል ስለተባለ ወደ ቁስቋም ቤተ መንግሥት ተጠርቶ የወይዘሮ አስቴርን ልጅ አስታመመ። ስለ ፈንጣጣው የጻፈውን ብዙዎች ጠቅሰውታል። እኔን የሚስበኝ ግን ስለ ተቅማጥ የተወው ማስታወሻ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ በመተማ አቅጣጫ ባለው የራስ ፊል ቆላ ተቅማጥ ክፉኛ ያዘው፤ በአገሬው ሰዎች ምክር የዋጊኖስን ሥር ጠጥቶ ዳነ። በ1779 ተክሉ በአውሮፓ የዕፅዋት መዝገብ በብሩስ ስም ገባ። በእኛ አገር አንዳንዱ ዋጊኖስ፣ አንዳንዱ አባሎ ይለዋል።

ከማስታወሻው ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛው፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በዚያ ዘመን በሰሜኑ ሕዝብ ዘንድ የታወቀ፣ መድኃኒትም የተበጀለት ሕመም መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ደም ያለበት ተቅማጥ ሁሉ እንደ አንድ በሽታ መታየቱ ነው። ሰውየው ይታመማል፣ ሥሩን ይጠጣል፣ ከዚያ ወይ ይድናል ወይ ይሞታል። እየተሻለው እያገረሸበት ዓመታት ያሳለፈ በሽተኛ በዚያ ዘመን ቢኖር እንኳ ከሌላው ተቅማጥ ለይቶ የሚያወጣው የለም።

አውሮፓም ብትሆን ገና አልለየችውም ነበር። የለንደኑ ሐኪም ሳሙኤል ዊልክስ የትልቁ አንጀት ቁስለት ከተላላፊው ተቅማጥ የተለየ መሆኑን የሚያመለክት ጽሑፍ ያወጣው በ1859 ነው። በኒው ዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል የነበሩት በሪል ክሮን፣ ሊዮን ጊንዝበርግና ጎርደን ኦፐንሃይመር ደግሞ በ1932 የትንሹን አንጀት መጨረሻ የሚያጠቃውን ሕመም ገለጹ፤ ዛሬ የክሮን በሽታ ይባላል። ሁለቱ ባንድ ላይ የአንጀት ብግነት በሽታ የሚባሉት ናቸው። እንደ አሜባ ወይም እንደ ሺጌላ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። የሰውነት መከላከያ በራሱ አንጀት ላይ ተነሥቶ ያቆስለዋል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ የክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስ፣ አንዳንዴም የመገጣጠሚያና የዓይን ሕመም ያመጣል። ከዚያ ለወራት ጋብ ይልና እንደገና ያገረሻል። እስከ ዛሬ ነቅሎ የሚያጠፋው መድኃኒት አልተገኘም።

ከዛሪማ ወይም ከአዲ አርቃይ ቆላ ተነሥቶ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ የሚታከም ሰው ይህ ሕመም ቢይዘው ምን ይገጥመዋል? በመጀመሪያ ለአሜባ ይታከማል። ሊታከምም ይገባል፤ አሜባ፣ ጃርዲያና በባክቴሪያ የሚመጣ ተቅማጥ በአገሩ የተለመዱ ናቸውና መጀመሪያ እነርሱን የሚያስብ ባለሙያ አልተሳሳተም። ሰውየው ይሻለዋል፤ ያሻለው ግን መድኃኒቱ ይሁን የበሽታው ጠባይ ማንም አይለይም። ከወራት በኋላ ይመለሳል። ካርዱ ጠፍቷል፣ የመረመረው ባለሙያ ተቀይሯል፣ ስለዚህ እንደ አዲስ በሽተኛ ተቆጥሮ ያንኑ ክኒን ይወስዳል። ስሕተቱ የሚጀምረው በሦስተኛው ጊዜ ነው። ሦስተኛው መሆኑን የሚያውቀው ደግሞ መዝገብ የያዘና በሽተኛውን በፊቱ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በእኛ ጤና ጣቢያዎች ይህ ሰው ነርስ ነው። የሰሜን ጎንደርን የጤና ታሪክ ሳነብ ደጋግሜ የማገኘው ይህንኑ ነው፤ ለማያልቅ ሕመም የተሠራው ሥራ ሁሉ ፍሬ ያፈራው ነርሷ የበሽተኛው ቋሚ ሰው ስትሆን ነው።

የነርስ ሙያ በአገራችን በትምህርት ቤት ደረጃ የተተከለው ከጣልያን ወረራ በኋላ ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን የሕፃናት ነርስነት ተምራ ተመርቃ ነበር፤ በ1942 ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፈች። በ1940ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የነርስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በጠቅላይ ግዛቶች ግን የሕክምናው ሸክም ገና ድሬሰር በሚባሉ ረዳት የጤና ሠራተኞች ትከሻ ላይ ነበር።

ጎንደርን የለወጣት የደምቢያ መከራ ነው። በ1953 በጣና ዳር ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺሕ ሰው ጨረሰ። በማግሥቱ ዓመት በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ እርዳታ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ሐኪም አላሠለጠነም። ያሠለጠነው የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበር፤ ሦስቱን ባንድ ቡድን ወደ ገጠር ላከ። ነርሷ የተማረችው አልጋ አጠገብ ለመቆም ብቻ አልነበረም። ከቤት ቤት እየዞረች እናቶችን መጠየቅ፣ ሕፃናትን መመዘንና መከተብ፣ ያየችውን መመዝገብ ሥራዋ ሆነ። ከዚህ ኮሌጅ ውርሶች ሁሉ ትልቁ፣ በሽተኛ ተነሥቶ እስኪመጣ አለመጠበቁ ይመስለኛል።

በ1978 ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ጎንደር ውስጥ የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ። በ1996 ደግሞ ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ዳባት የኮሌጁ የገጠር ጤና ፕሮጀክት ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ የዳባት ምርምር ማዕከል የሚባለው ነው። መዝጋቢዎች በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውንና የፈለሰውን ይጽፋሉ። ሰው ሲሞት ሐዘንተኛውን ቤተሰብ ስለ አሟሟቱ ይጠይቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ሥራ ባዘጋጀው መጠይቅ ውስጥ ሟቹ ተቅማጥ ነበረበት ወይ፣ ስንት ቀን ቆየበት፣ ደም ነበረው ወይ የሚሉ ጥያቄዎች አሉ። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሰውየው በሕይወት ሳለ በጤና ጣቢያው ክፍል በየቀጠሮው ቢጠየቁ ስንቱን በጊዜ ባወቅነው ነበር! ሳስበው ያንገበግበኛል።

በዚያው ዘመን በጎንደር ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪሟ ሽታዬ ዓለሙ ከእንግሊዛዊው የስኳር ሐኪም ፒተር ዋትኪንስ ጋር የገጠሩን ስኳር ሕመምተኛ መንገድ አጠኑ። ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ቀጫጭን ገበሬዎች መድኃኒቱን ፍለጋ ረጅም መንገድ በእግራቸው ይጓዙ ነበር፤ ቀጠሮ ያለፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመለስም። መፍትሔው ኢንሱሊኑንና ክትትሉን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ፣ ሥራውንም ለሠለጠኑ ነርሶች መስጠት ሆነ። ኤልድሪድ ፓሪ በ1988 የመሠረተው የእንግሊዝ የጤና ትምህርት ድርጅትና በ1996 የተጀመረው የሌስተርና የጎንደር ጉድኝት ሥራውን ደገፉ። የሚጥል በሽታም ተከተለ። ርካሹን ፌኖባርቢታል በየወሩ የምትሰጥ፣ መጠኑን የምታስተካክል፣ የቀረውን በሽተኛ የምታፈላልግ ነርስ ነበረች፤ የሆስፒታሉ ሰዎች እየመጡ ይደግፏታል፣ የከበደውን ትልክላቸዋለች።

በ2005 የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምርና በተከታዩ ዓመት ወደ ጤና ጣቢያዎች ሲወርድ ይኸው ልምድ በአገር ደረጃ ሰፋ። ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት፣ የቀጠሮ መዝገብ፣ የጠፋን በሽተኛ ፍለጋ፣ ምስጢር መጠበቅ ለነርሶቻችን የዕለት ሥራ ሆኑ። እንግዲህ ለአንጀት ብግነት በሽታ የሚያስፈልገው ክትትል ከባዶ የሚፈጠር አይደለም። ግማሹ ተሠርቶ አድሯል።

ቀሪውን ግማሽ በዝርዝር ልናገር። ነርሷ በሽተኛው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወጣ፣ ሌሊት ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰው እንደሆነ፣ ደም እንዳለው ትጠይቃለች። ይህን በግልጽ መናገር በባህላችን ያሳፍራል፤ ገበሬው ለሚስቱ ያልነገረውን ለሲስተር እንዲነግራት በር ዘግታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጊዜ ሰጥታ ማዳመጥ አለባት። ክብደቱን ትመዝናለች፣ ትኩሳቱንና የልብ ምቱን ትለካለች፣ ካለፈው ጋር ታስተያያለች። ተቅማጡ ከአራት ሳምንት ካለፈ፣ የሰገራ ምርመራው ምንም ካላሳየ ወይም ሕክምናው ካልያዘ ለአንጀት ምርመራ ወደ ሆስፒታል እንዲላክ ታደርጋለች።

በአገራችን አንድ ከባድ ወጥመድ አለ፤ የአንጀት ቲቢ። ከክሮን በሽታ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ልምድ ያለውንም ሐኪም ያታልላል። ቲቢ ያለበት ሰው ክሮን ነው ተብሎ ብግነት አብራጁ ፕሬድኒሶሎን ብቻ ቢሰጠው ቲቢው ሊቀጣጠልበት ይችላል። ስትሮንጂሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል ያለበትም በዚያው መድኃኒት ለሞት ሊደርስ ይችላል። ስለ ሳል፣ ስለ ሌሊት ላብ፣ በቤት ውስጥ ስለታመመ ሰው አስቀድማ የምትጠይቅ ነርስ ሕይወት ታድናለች። ሳምንታት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን ባንዴ እንደማይቆም፣ የሰውነት መከላከያን የሚያለዝበውን አዛታዮፕሪን የሚወስድ ሰው ደሙን በየጊዜው መመርመር እንዳለበት፣ ሲሻለው መድኃኒቱን መተው እንደሌለበት ደጋግማ የምትነግረውም እርሷ ናት።

ጾምና ጠበልም አሉ። በዋልድባ ገዳም አፋፍ ለሚኖር ምእመን ሁለቱም የሕይወቱ አካል ናቸው። ነርሷ ተቆጥታ ብታሳፍረው በሚቀጥለው ቀጠሮ አይመጣም። ጠበሉን እየተጠመቀ ክኒኑን እንዲውጥ፣ ሕመሙ በበረታበት ወቅት ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲመካከር ብትነግረው ግን ይሰማታል። ይህን በመጽሐፍ ብቻ ማስተማር አይቻልም፤ የአገሩን ሰው ማወቅ ይጠይቃል።

በውጭው ዓለምም ሙያው ያደገው ከበሽተኛው ጎን ነው። አሜሪካዊቷ ኖርማ ጊል በትልቁ አንጀት ቁስለት ተሠቃይታ በክሊቭላንድ ክሊኒክ ሐኪሙ ሩፐርት ተርንቡል ቀዶ ሕክምና አደረገላት፤ ሰገራዋ በሆዷ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወርድ ሆነ። በ1958 እዚያው ተቀጥራ እንደ እርሷ ያሉትን መርዳት ያዘች፤ በ1961 የሥልጠና ትምህርት ቤት ተከፈተ። የአውሮፓ የአንጀት ብግነት ነርሶች በ2013 የነርሷን ድርሻ በጋራ ሰነድ ወስነው በ2018 አደሱት። ማዳመጥ፣ ማስተማር፣ ክትትልና ለበሽተኛው መሟገት የሰነዱ እምብርት ናቸው፤ አንዳቸውም ውድ መሣሪያ አይጠይቁም።

በ2021 ክረምት የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በሊማሊሞ በኩል ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ፣ ብዙ ሕዝብ ከቆላው ተፈናቀለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ክኒን ይቀራል። መዝገቡን የያዘች ነርስ ማን ምን ይወስድ እንደነበር ታውቃለች፤ ሕክምናውን ለመቀጠል ሌላ መነሻ አይገኝም።

ስለዚህ ለክልሉ ጤና ቢሮና ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጥያቄ አለኝ። በጤና ጣቢያው የሥር ሰደድ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከስኳር፣ ከደም ግፊትና ከሚጥል በሽታ ቀጥሎ ለቆየ ተቅማጥ አንድ መስመር ይከፈት፤ ነርሶቹም ለዚሁ ይሠልጥኑ። አንተም አንባቢ፣ በቤትህ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ለአራት ሳምንት የቆየበት ወይም በተደጋጋሚ ለአሜባ ታክሞ ያገረሸበት ሰው ካለ፣ የቀድሞ ካርዶቹን ሁሉ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነም ለነርሷ ይንገራት።