የወረኢሉ ሜዳና ድንጋይ

የአንድ አገር ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕል ብቻ ተጽፎ የሚያልቅ አይደለም። ሕዝቡ የሚጫወትበት ሜዳ፣ ከሜዳውም ሥር ያለው ድንጋይ፣ ጠያቂ ካገኙ የሚናገሩት አላቸው። ይህን አሳብ ያገኘነው በወረኢሉ ካየነውና ከሠራነው ስለ ሆነ፣ ለአንባብያን በአጭሩ እንገልጸዋለን።

ወረኢሉ በታሪክ ይልቁንም በዐድዋ ዘመቻ ትታወቃለች። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት ባወጁ ጊዜ፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ እዚያ እንዲደርስ ቀጥረውት ነበር። እኛ በልጅነታችን የምናውቃት ግን በጨዋታዋ ነው። በጥምቀት ፈረሰኞች ጉግስ ሲገጥሙ እናይ ነበር። በገና ዕለት ደግሞ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ጎልማሶች ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ሩር ሲማቱ ይውላሉ። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የታወቀ ነውና፣ ባላባቱም ቅልጥሙን ቢመታ ችሎ ያልፋል።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ወሬው ወደ እኛ የደረሰው ከዘመን መለወጫ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጫማ የነበረን ጥቂት ልጆች ጫማችንን አውልቀን ሮጥን።

በአበበ ድል ማግሥት የገባው 1953 ዓ.ም. ግን ሌላም ነገር አሳየን። በግንቦት ወር መጨረሻ፣ ከደጋው በስተምሥራቅ በካራ ቆሬ አካባቢ፣ በሌሊት ጽኑ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ። ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፤ ወደ ደሴ የሚወስደውም መንገድ ተበላሸ። እኛም በወረኢሉ ደጅ አደርን። አባ ፒዬር ጉዌን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያቋቋሙት የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ግን ንዝረቱን በመሣሪያ መዘገበ።

ከዓመታት በኋላ ድንጋይ ከሚያጠኑ ሊቃውንት ጋር በረዳትነት ተቀጠርን። መዶሻና ኮምፓስ ይዘን፣ ናሙናውን በከረጢት ተሸክመን፣ ገደል ለገደል ስንወርድ ብዙ ተማርን። ሩር የመታንበት ሜዳ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰና ንብርብር ሆኖ የረጋ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከእርሱም በታች፣ በዓባይ ሸለቆ በሚታየው የኖራ ድንጋይ ውስጥ፣ የባሕር ዛጎል ይገኛል። በስተምሥራቅ ምድሩ እየተሰነጠቀ ሲራራቅ ቁልቁለቱ ተፈጠረ፤ የ1953ቱም መናወጥ የዚሁ ሥራ ተከታይ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለን፣ መሬቱ መቼ እንደ ተናወጠ አንድ ሽማግሌ ብንጠይቅ፣ «ልጆቼ፣ ታቾቹ ላዮቹን በገና የረቱበት ዓመት ነው፤ ከገናው ወዲህ አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው» አሉን። ከታኅሣሥ 29 ጀምረን ብንቆጥር ልክ ነበሩ። ቀጥለውም ሩሩን ማን እንዳገባ፣ እግሩ የተሰበረው ማን እንደ ሆነ ይነግሩን ጀመር። እኛ ግን የወደቀውን ግድግዳ ጽፈን፣ የቀረውን እንደ ተራ ወግ ቆጥረን ደብተራችንን ዘጋን። በኋላ ያንኑ ልንጠይቅ ብንመለስ ሽማግሌው አርፈው ነበር። መሬቱ የተንቀጠቀጠበት ሰዓት ተጽፏል፤ የተጫዋቾቹ ስም ግን ጠፋ። ጥፋቱም የእኛው ነው።

አባ ጉዌን በ1979 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የጥንት ዜና መዋዕሎችን ምስክር አድርገዋል። የጥንት ጸሐፊዎቻችን የመሬቱን መናወጥ ንቀው ቢያልፉት ኖሮ፣ ሳይንሱ ያን ማስረጃ ባጣው ነበር። ዛሬ ትንሽ የሚመስለን ነገር ነገ ለማን እንደሚጠቅም አናውቅም። ስለዚህ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው እንዲያስገነዝቡ እንለምናለን፤ በመጪው ገና ከሜዳው ዳር ከሚቀመጡት ተማሪዎች አንዱ እንኳ ደብተር ይያዝ።