ጣትና መቁጠሪያ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ባልደረባዬ ጠረጴዛ ላይ የምትሽከረከር መጫወቻ አየሁ። «ጭንቀት ታስታግሳለች፣ ሐሳብ ትሰበስባለች፣ ጋሼ» አለኝ። በ2009 ዓ.ም. ፊጅት ስፒነር ተብላ ዓለምን ያዳረሰችው ናት።

ለመሆኑ የእኛ ሰው ጣት መቼ ሥራ ፈትቶ ያውቃል? የክርስቲያኑ መቁጠሪያ 41 ወይም 64 ፍሬ አለው፤ 41ዱ የ«እግዚኦ መሐረነ»፣ 64ቱ የእመቤታችን ዕድሜ። የሙስሊሙ ሙስበሃ ደግሞ 33 ወይም 99 ነው። ጣት ይንቀሳቀሳል፤ ግን ያለ ምክንያት አይደለም፣ ይቆጥራል።

መቀሌ፣ ስሙን ከሰማዕታት ሐውልት ያገኘውን የሓወልቲን ሰፈር አስቡ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ስልክና ባንክ የተዘጋባቸው ወራት ነበሩ። ልጇ የት እንደደረሰ ለማታውቅ እናት፣ እጇ ላይ የቀራት መቁጠሪያዋ ነው።

መጫወቻዋ ጭንቀትን ታስረሳ ይሆናል። መቁጠሪያው ግን የተጨነቁለትን ሰው አያስረሳም።