የሶፍትዌር ኮንቴይነር ስለ ራሱ የሚያውቀው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተክሩር ሼኮች ለኢትዮጵያም ለግብፅም እየገበሩ ያስተዳድሯት በነበረችው መተማ፣ ከደጋው የወረደው ቡና፣ ሰምና ቆዳ ወደ ሱዳን ሲሻገር ቀረጥ ይከፈልበት ስለነበር፣ የታሰረ ጭነት የማን እንደሆነና ምን እንደያዘ የሚናገርለት ነጋዴ ያስፈልገው ነበር። በኮምፒውተር ዓለም ኮንቴይነር የሚባለው፣ ማለትም በጋራ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሌላውን እንዳያይ የሚታጠርበት ክልል፣ ጥያቄውን ገልብጦ ያነሣዋል፤ በውስጡ ያለው ፕሮግራም መለያ ቁጥሩንና የተፈቀደለትን ሜሞሪ፣ በጥቅሉ ሜታዳታውን፣ ከየት ያገኛል?

አጥሩ የተሠራው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ወደ ዩኒክስ የገባው ቸሩት ፕሮግራሙ የሚያያቸውን ፋይሎች ብቻ ሲወስን፣ ከ2002 ጀምሮ ወደ ሊነክስ የገቡት ኔምስፔሶች ሌላውንም እይታ አንድ በአንድ ከለሉ፤ በጉግል መሐንዲሶች ተጀምሮ በ2008 ሊነክስን የተቀላቀለው ሲግሩፕ ደግሞ ሜሞሪንና የፕሮሰሰር ጊዜን መጥኖ ያድላል። ዶከር የተባለው የኮንቴይነር መሣሪያ በ2013 እነዚህን አጣምሮ ሲያቀርብ፣ እይታን የሚከልለውና ገደብን የሚያስከብረው ክፍል የተለያዩ መሆናቸው ብዙ ጉዳት አደረሰ። 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ሰርቨር ላይ 512 ሜጋባይት ብቻ የተፈቀደለት የጃቫ ፕሮግራም የሰርቨሩን ሙሉ ሜሞሪ አይቶ ሩቡን፣ 16 ጊጋባይት ያህሉን፣ እንደ ጣሪያው ይቆጥርና ገደቡን ሲያልፍ በሊነክስ ይገደል ነበር፤ ጃቫ ልዩ ማስተካከያ ሳይደረግለት የኮንቴይነሩን ገደብ ማንበብ የጀመረው በ2018 በወጣው 10ኛ ዕትሙ ነው።

መለያ ቁጥሩን ለማግኘት ደግሞ ባለሙያዎች ቀዳዳ ፈለጉ። ዶከር ከ64ቱ የመለያው ምልክቶች የመጀመሪያዎቹን 12 የኮንቴይነሩ የኮምፒውተር ስም አድርጎ ይሰጣል፤ ሙሉው መለያ በሲግሩፕ ፋይል ውስጥ ይነበብ ስለነበር ብዙ ፕሮግራሞች በዚያ ተማመኑ፤ ይሁንና ማንም ዋስትና ያልሰጠው መንገድ ነበርና፣ በ2020 የወጣው ዶከር 20.10 በሁለተኛው የሲግሩፕ ትውልድ ላይ እይታውን ሲከልል መለያው ከፋይሉ ጠፋ። የዶከርን የትእዛዝ መቀበያ ሶኬት ወደ ኮንቴይነሩ ማስገባት ሁሉንም መረጃ ቢያስገኝም፣ የሰርቨሩን ሙሉ ሥልጣን አብሮ ስለሚያስረክብ፣ ለአንድ ቁጥር ሲባል ሊከፈል የማይገባ ዋጋ ነው።

በ2014 ይፋ የሆነው የኮንቴይነሮች ማስተዳደሪያ ኩበርኔትስ የተሻለውን ዘዴ አመጣ፤ ዳውንዋርድ ኤፒአይ በተባለው መንገድ፣ የሥርዓቱ ባለቤት የመረጠው ስም፣ አድራሻና ገደብ ብቻ ወደ ውስጥ ይላካል። የአማዞን ደመና ግን 169.254.169.254 በተባለው የውስጥ አድራሻ ለሚጠይቀው ሁሉ ጊዜያዊ የይለፍ ቁልፎችን ጭምር ይመልስ ነበር። በ2019 ይፋ በሆነው የካፒታል ዋን ባንክ ጥቃት ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ የተወሰደው በዚህ መንገድ በተገኘ ቁልፍ ነበር። አማዞን በዚያው ዓመት ጠያቂው አስቀድሞ ማረጋገጫ እንዲያወጣ የሚጠይቅ አሠራር ሲጨምር፣ ማረጋገጫውን የያዘው ምላሽ ካልተለወጠ በቀር በኔትወርኩ ከአንድ እርምጃ በላይ እንዳይሄድ ስለወሰነ፣ የራሱ ኔትወርክ ባለው ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ሳይደርሰው ይቀራል።