ማኑዋሉን የሚያነበው ማነው? (አጭር ታሪክ)

ሶፍትዌር ድርጅት የገባችሁ ልጆች በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ቲቸር፣ ኤአይ ፓይተንን እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ የመሥሪያ ቤታችንን ፓኬጅ ስንጠይቀው ግን የሌለ ፈንክሽን ፈጥሮ ይሰጠናል። ለምን?»

መልሱን ለማግኘት እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1949 በእንግሊዝ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተር ሥራ ጀመረ። አንዱን ስሌት በየጊዜው ከዜሮ መጻፍ አድካሚ ስለሆነ፣ የሚደጋገሙትን ቁርጥራጭ ፕሮግራሞች በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ አስቀምጠው የጋራ ላይብረሪ አደረጓቸው። የዛሬው ፓኬጅ አያት ይሄ ነው። በ1951 ዊልክስ፣ ዊለርና ጊል አጠቃቀሙን በመጽሐፍ አሳተሙ። ዊለር በ1952 ደግሞ፣ ኮዱ ተጽፎ ከተፈተሸ በኋላ ውስጡን ለማያውቅ ሰው አጠቃቀሙን ማስረዳቱ ከሁሉም የከበደው ሥራ ሳይሆን እንደማይቀር ጻፈ። ልብ በሉ፣ ይሄ ከ70 ዓመት በፊት ነው!

በ1971 በአሜሪካ ቤል ላብስ የዩኒክስ ማኑዋል የመጀመሪያ እትም ወጣ። የትእዛዙ ስም፣ አጻጻፉና ሥራው ብቻ ሳይሆን የታወቁ ችግሮቹም የሚዘረዘሩበት ርዕስ ነበረው። የራስን ጉድለት በራስ ማኑዋል ላይ መጻፍ ማለት ነው። ቀጥሎ ኢንተርኔት መጣና ለፐርል ሲፓን በ1995፣ ለፓይተን ፓይፒአይ በ2003፣ ለጃቫስክሪፕት ኤንፒኤም በ2010 ተከፈቱ። ፓኬጁም ማብራሪያውም አደባባይ ወጣ።

እንደ ጊትሃብ ኮፓይለት (2021) ያሉ ረዳቶች የተማሩት በዋናነት ከዚሁ አደባባይ ነው። የእናንተ መሥሪያ ቤት ፓኬጅ ግን አደባባይ ወጥቶ አያውቅም። ኤአዩ አላየውም፤ ካላየ ደግሞ ዝም አይልም፣ እውነት የሚመስል ስም ይገምታል።

መፍትሔው ሞዴሉን እንደገና ማስተማር ላይሆን ይችላል። ጥያቄው ሲመጣ ከውስጥ ሰነዶች የሚመለከተውን ገጽ ፈልጎ አብሮ ማቅረብ ይበቃል። በኖቬምበር 2024 አንትሮፒክ ይፋ ያደረገው ኤምሲፒ የተባለ ክፍት ስምምነት ረዳቶችን ከእንዲህ ያሉ ሰነዶች ጋር ለማገናኘት ያገለግላል።

በሩን ስትከፍቱ ግን ጠንቀቅ በሉ። ረዳቱ ማየት ያለበት ጠያቂው እንዲያይ የተፈቀደለትን ብቻ ነው። የይለፍ ቃል በማብራሪያ ውስጥ አይቀመጥም። ከውጭ ሰው የመጣ ጽሑፍም ረዳቱን የሚያሳስት ትእዛዝ ሊደበቅበት ይችላል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አዲስ ተቀጣሪ ማኑዋሉ ሲያረጅበት አጠገቡ ያለውን አንጋፋ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይሠራል እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ኤአይ ጋሼን አይጠይቅም፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈውን እንደ ዛሬ አምኖ ኮድ ይጽፋል። በጋሼ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለው እውቀት ደግሞ ለማሽኑ የለም። ጋሼ ሥራ የለቀቀ ቀን ለእናንተም አይኖርም።

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህም ይሆናል። ስለዚህ ልጆች፣ ኤአዩን ከሰነዱ ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አንሱ፦ ሰነዱን ለመጨረሻ ጊዜ ያደሰው ማነው? መቼ? ስም የሚጠራ ከጠፋ፣ እጃችሁን አውጡና «እኔ ልጻፈው» በሉ። ዊለር ከባድ ነው ያለው ሥራ ዛሬም ሰው ይፈልጋል።

በየመሥሪያ ቤታችሁ ይሄን ሥራ ማን እንደሚሠራው ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።