ቆዳው ጤነኛ፣ ጭንቀቱ እውነተኛ፦ መስታወት የማያሳርፈው ሕመም ታሪክ



ወደ ቆዳ ሕክምና ከሚመጡ ሴቶች መካከል "ፊቴ ተበላሽቷል" ብለው የሚያለቅሱ፣ ሐኪሙ ግን በደማቅ ብርሃን ቢመለከታቸው ከአንዲት የብጉር ምልክት በቀር ምንም የማያገኝባቸው አሉ። በዚህ ጭንቀት የተነሳ ሰርግም ለቅሶም መሄድ ይተዋሉ። ትምህርት የሚያቋርጡ፣ ከሥራ የሚቀሩም አሉ። ቤተሰብ "ሥራ ፈትታ ነው"፣ "መልኳን ስታመልክ ነው" ይላል።

ነገሩ ግን ሕመም ነው። ቦዲ ዲስሞርፊክ ዲስኦርደር ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ "የመልክ ጉድለት አባዜ" ብንለው ይቀርባል። ታማሚዋ ሌላ ሰው የማያየውን ወይም እምብዛም ልብ የማይለውን ጉድለት ራሷ ላይ እያየች ስትብሰለሰል ትውላለች። ወንዶችንም ይይዛል።

ብዙዎቻችን ይህ ችግር ከስልክና ከፊልተር ጋር የመጣ ይመስለናል። ሐኪሞች ካወቁት ግን ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አንድ ነገር ሲደጋገም እናያለን፦ ሕመሙ ያለው አእምሮ ውስጥ ሆኖ ሳለ የሚታከመው ቆዳ ነበር። ታሪኩን የማጫውታችሁም ዛሬም በየቤታችን ይኸው እየተደገመ ስለሆነ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ስሙ ከየት መጣ?

የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ስለ አንዲት የስፓርታ ልጅ ይተርካል። ወላጆቿ ሀብታሞች ነበሩ፤ እሷ ግን መልኳ አያምርም ነበር። ሞግዚቷ በየቀኑ ወደ ሄለን መቅደስ እየወሰደች ልጅቱ ቆንጆ እንድትሆን ትለምንላት ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት ብቅ ብላ የልጅቱን ራስ ዳበሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ መልኳ ተለወጠ፤ አድጋም የንጉሥ ሚስት ሆነች። በዚህ ተረት ውስጥ መልከ ጥፉነት የተገለጸበት የግሪክ ቃል "ዲስሞርፊያ" ነው።

በ1891 ጣሊያናዊው የአእምሮ ሐኪም ኤንሪኮ ሞርሴሊ ይህን ቃል ወስዶ "ዲስሞርፎፎቢያ"፣ ማለትም "የመልከ ጥፉነት ፍርሃት" የሚል የሕመም ስም አወጣ። በተረቱና በሞርሴሊ ታማሚዎች መካከል ግን ትልቅ ልዩነት አለ። የተረቷ ልጅ መልኳ ሲለወጥ ችግሯ አለቀ። የሞርሴሊ ታማሚዎች ግን መጀመሪያውኑ መልካቸው ምንም አልሆነም ነበር። ሰዎቹ እያነበቡ፣ እየተጫወቱ ወይም ሥራ ላይ ሆነው ሳለ "መልኬ ተበላሽቷል" የሚለው ሐሳብ ድንገት እየመጣ ያስጨንቃቸው ነበር። ሐሳቡን ማባረርም አይችሉም ነበር።

🔹 ከቆዳ ሐኪም ደጅ

በ1898 ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ልዊ ብሮክ ስለ አንዳንድ ወጣት ሴቶች ጻፈ። ሴቶቹ ፊታቸው ላይ ያለችውን ትንሽ ብጉር፣ አንዳንዴም ጭራሽ የሌለችውን፣ በጥፍራቸው እየቧጨሩና እየጨመቁ ቁስልና ጠባሳ ያተርፉ ነበር። ብጉር የሚነካካ ሁሉ የመልክ አባዜ አለበት ማለት አይደለም። ነገር ግን የመልክ አባዜ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቆዳቸውን "ለማስተካከል" ብለው ይነካካሉ፤ በኋላም በገዛ እጃቸው ባመጡት ጠባሳ ይጨነቃሉ።

ሌላው የታወቀ ታሪክ የአንድ ወንድ ነው። በቪየና የሚኖር ሩሲያዊ ሲሆን፣ ቀደም ሲል በሲግመንድ ፍሮይድ ዘንድ ታክሟል፤ በሕክምናው ዓለም "የተኩላው ሰው" በሚል ስም ይታወቃል። በ1920ዎቹ አፍንጫዬ ተበላሽቷል በሚል ጭንቀት ተያዘ። ከአንድ ቆዳ ሐኪም ወደ ሌላው ተመላለሰ፣ ሕክምናም ተደረገለት። ጭንቀቱ ግን ባሰ እንጂ አልቀነሰም። መስታወትና ፓውደር በኪሱ ይዞ እየዞረ፣ ሥራውንም ኑሮውንም እስኪረሳ ድረስ ስለ አፍንጫው ብቻ ያስብ ነበር። በመጨረሻ ያከመችው ሩት ማክ ብሩንስዊክ ታሪኩን በ1928 አሳተመችው።

🔹 የቆዳ ሐኪሞች ማንቂያ ደወል

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጉዳዩ ተዳፍኖ ቆየ። በ1981 እንግሊዛዊው የቆዳ ሐኪም ጆን ኮተሪል የቆዳ በሽታ ሳይኖርባቸው በቆዳቸው ስለሚሠቃዩ ሰዎች ጽፎ፣ ነገሩ የተለመደ እንደሆነና እስከ ሞት ሊያደርስ እንደሚችል አስጠነቀቀ። በ1997 ደግሞ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ለቆዳ ሕክምና መጥተው በኋላ ራሳቸውን ያጠፉ 16 ሰዎችን ታሪክ አሳተመ። አብዛኞቹ ወይ ብጉር ወይ የመልክ ጉድለት አባዜ የነበረባቸው ነበሩ። "የመልክ ነገር ነው፣ ይለፋታል" ብለን የምናቃልለው ጉዳይ ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ሕመሙን ዛሬ በሚታወቅበት ስም የመዘገበው በ1987 ነው። በ2013 ደግሞ ከኦሲዲ ጋር በአንድ ምድብ አስቀመጠው። ኦሲዲ ማለት ሰው ሐሳቡን ማቆም አቅቶት እጁን ደጋግሞ የሚታጠብበት፣ በሩን ደጋግሞ የሚፈትሽበት ዓይነት ሕመም ነው። መስታወት ደጋግሞ ማየትም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል።

በ2000 ካትሪን ፊሊፕስ የተባለች አሜሪካዊት የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቿ ለቆዳ ሕክምና የመጡ 268 ሰዎችን መርምረው፣ ከ100ው ወደ 12 የሚሆኑት የዚህ ሕመም ምልክት እንዳለባቸው አገኙ። በጠቅላላው ሕዝብ ላይ በዚያው አገር የተደረጉ ጥናቶች ግን ከ100 ሰው 2 ገደማ ነው የሚያሳዩት። ታማሚዎቹ ተሰብስበው የሚገኙት ቆዳ ሐኪም ዘንድ ነው ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሌላ ጥናቷ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚሹት የቆዳ ሕክምና መሆኑን፣ ነገር ግን ሕክምናው አብዛኞቹን እንዳላሻላቸው አሳየ።

🔹 ትክክለኛው ሕክምና ሲገኝ

ደስ የሚለው ነገር የሚሠራ ሕክምና መኖሩ ነው።

በ1995 ሕመሙ ያለባቸው 54 ሴቶች የተካተቱበት ጥናት ታተመ። ከእነሱ ግማሽ ያህሉ በትናንሽ ቡድን ሆነው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ተሰጣቸው። ይህ የንግግር ሕክምና ነው። መስታወት ማየትን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ሳይሸፈኑ ከሰው ጋር መቀላቀልና ስለ ራስ የሚመጣውን ክፉ ሐሳብ መመርመር ይለማመዱበታል። ሕክምናውን ካገኙት ውስጥ አብዛኞቹ ተሻላቸው።

በ2002 ደግሞ ፍሉኦክሰቲን የተባለው መድኃኒት በ67 ሰዎች ላይ ተሞከረ። በ12 ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት 53 በመቶዎቹ፣ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ግን 18 በመቶዎቹ ብቻ ለውጥ አሳዩ። መድኃኒቱ በአገራችንም የታወቀ ነው። ግን በሐኪም ትዕዛዝና ክትትል ብቻ የሚወሰድ መሆኑን አትርሱ።

🔹 ዛሬስ?

በ2018 በአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች ስለ "ስናፕቻት ዲስሞርፊያ" ጻፉ። ድሮ ሰዎች የታዋቂ ሰው ፎቶ ይዘው "እንደዚህ አድርጉኝ" ይሉ ነበር፤ አሁን በፊልተር የጠራውን የራሳቸውን ፎቶ ይዘው ይመጣሉ። ፊልተር ብቻውን ሕመሙን ያመጣል ማለት አይቻልም። ቀዳዳ የሌለው ቆዳ ግን በፎቶ እንጂ በሰው ላይ የለም።

በእኛ ዘንድ ሌላም አደጋ አለ። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚገዙ፣ ስቴሮይድ ያለባቸው "ፊት የሚያጠሩ" ቅባቶች ሲደጋገሙ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ያቀላሉ፣ ብጉርና ጠጉር ያመጣሉ። ጤነኛ ፊት ይዛ የጀመረች ልጅ የእውነት በሽተኛ ሆና ትጨርሳለች። ብሮክ በ1898 በጥፍር ሲሆን ያየውን እኛ ዛሬ በቅባት እያየነው ነው።

🔹 ወላጆች ምን እናስተውል?

ሕመሙ በአብዛኛው የሚጀምረው በአፍላ ወጣትነት ነው። ማድያት ወይም ብጉር የወጣባት ሴት ብትጨነቅና ብትታከም ጤናማ ነገር ነው። የሚያሳስበው የሚከተለው ሲሆን ነው፦

✔️ ስለ መልኳ በማሰብ በቀን አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ የምታጠፋ ከሆነ፤
✔️ መስታወት ደጋግማ የምታይ ወይም ጨርሶ የምትሸሽ ከሆነ፤
✔️ "ፊቴ ላይ ይታያል?" እያለች ደጋግማ የምትጠይቅ፣ መልሱም የማያሳርፋት ከሆነ፤
✔️ በመልኳ ምክንያት ከትምህርት፣ ከሥራ ወይም ከሰው የምትርቅ ከሆነ፤
✔️ ሐኪምና ቅባት እየቀያየረች በአንዱም የማትረካ ከሆነ።

"ምንም የለብሽም፣ ተይው" ማለት አይረዳትም፤ እሷ የምታየው ሌላ ነው። ስለ ቆዳዋ አትከራከሯት። ይልቁንም "በጣም እየተጨነቅሽ ነው፤ ከጓደኞችሽም ርቀሻል፤ ይህን ጭንቀት የሚያቀል ሐኪም አብረን እንይ" በሏት። ቆዳዋን የሚያየው ሐኪምም ይህን ጭንቀቷን ይወቅ፤ ወደ አእምሮ ሐኪም ሊመራት ይችላል። ተጨማሪ ቅባትና ሌዘር ለማሠራት ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አስቀድሙ።

መኖር እንደማትፈልግ ከተናገረች ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። ብቻዋን አትተዋት፤ በዚያው ቀን በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዷት።

የስፓርታዋ ሞግዚት ልጅቱን በየቀኑ ወደ መቅደስ የወሰደቻት ከፍቅር የተነሳ ነው። እናንተም ልጃችሁን ከአንዱ የቆዳ ክሊኒክ ወደ ሌላው የምትወስዷት ከፍቅር ነው። ፍቅራችሁ ወደ ትክክለኛው በር ይምራችሁ።

ጽሑፉ ይጠቅማታል ለምትሏት እናት አጋሩላት።