የታጠፈ ጉልበት፣ ያልታመመ አጥንት፦ የጓያ በሽታ ታሪክ በጣና ዳርቻ

በጉማራ ወንዝ አጠገብ ወደሚገኘው የወንዛዬ ፍል ውኃ ወገቡ የጎበጠ፣ ጉልበቱ የታጠፈ፣ ጣቱ የተጣመመ ሁሉ ፈውስ ፍለጋ ይወርዳል። ለተመልካች ሕመማቸው አንድ ይመስላል፤ ለሐኪም ግን መነሻው ይለያያል። በሕፃንነቱ የለሰለሰ አጥንት ይጎብጣል፤ በሳንባ ነቀርሳ የተጠቃ መገጣጠሚያ ይደርቃል። በጣና ዙሪያ ባሉት በፎገራና በደንቢያ ሜዳዎች ግን አጥንት ሳይታመም እግር የሚታጠፍበት ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም ጓያ ነው።

ጓያ ውኃ በሚቋጥረው መረሬ አፈር ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ይዘራል። ሌላው አዝመራ በድርቅ ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል፤ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ደግነቱ ነው። ለጥቂት ወራት ዋነኛ ምግብ ሲሆን፣ ኦዳፕ የተባለው መርዙ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሚያልፉትን የእንቅስቃሴ ነርቮች ይጎዳል። አእምሮ አይነካም። ጡንቻ ይገተራል፣ በእርምጃ ጊዜ ጭኖች ይጠላለፋሉ፣ ተረከዝ ከመሬት ይነሣል፤ ውሎ አድሮም ጅማት አጥሮ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እንደታጠፉ ይቀራሉ። የሕመሙ ደረጃ የሚለካው በምርኩዝ ነው፦ ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በአንድ የሚሄድ፣ በሁለት የሚሄድ፣ በመጨረሻም የሚድህ።

በጀርመን የቩርተምበርግ መስፍን የጓያ ዱቄት ለዳቦ እንዳይውል የከለከለው እ.ኤ.አ. በ1671 ነበር። በእኛ አገር የታየ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1978 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ተዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና የባልደረቦቻቸው ጥናት ደግሞ በደንቢያና በፎገራ ከ1000 ሰው በአማካይ 6 ያህሉ መታመማቸውን አሳየ። ጥናቱ የተካሄደው ቤት ለቤት በመዞር ነው፤ የሚድህ ሰው ጤና ጣቢያ ስለማይደርስ በመዝገብ ብቻ ቢፈለግ ኖሮ ብዙው ባልታየ ነበር። ከዚያ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በወሎ ደላንታ ዳውንት ድርቅን ተከትሎ ሌላ ወረርሽኝ ተነሣ።

ገበሬው እህሉን በትክክል ጠርጥሯል፤ የሚፈራው ግን ሲቀቀል የሚወጣውን እንፋሎት ነው። ስለዚህ ከእንፋሎቱ ይሸሽና ቆሎውን፣ ንፍሮውንና እሸቱን ይበላል። በደላንታ የተደረገው ጥናት ግን አደጋው የበረታው በእነዚሁ አበላሎች መሆኑን አሳይቷል። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል መርዙን ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ በረኃብ ጊዜ የሚቀላቀለው እህል ከየት ይመጣል?

የተረከዝን ጅማት በቀዶ ሕክምና ማስረዘም እግርን መሬት ሊያስረግጥ ይችላል፤ የተጎዳውን ነርቭ ግን አይመልስም። ምርኩዝ ይዞ ለመጣ ወጣት የጉልበት ራጅ ከማዘዝ በፊት ባለፈው የችግር ወቅት ቤተሰቡ ምን ሲበላ እንደከረመ መጠየቅ ይገባል፤ በዚያው ቤት ገና መሰናከል የጀመረ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላልና።