ጡረታ ወዴት? የእርጅና መኖሪያ ምርጫና የመሬት ሕግ በምዕራብ ጎጃም



«ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ በአባቶቻችን አነጋገር ደግሞ ጧሪ ልጅ እንጂ መንግሥት አልነበረም። ዛሬ አንድ ጡረተኛ የአዲስ አበባን ወይም የባሕር ዳርን የቤት ኪራይ ሸሽቶ መራዊ ይሻለኛል ወይስ ፍኖተ ሰላም፣ ወይስ ቡሬ ብሎ ሲያሰላ ጉዳዩ የዋጋ ብቻ ይመስላል። የእኔ ክርክር ግን በጎጃም የእርጅናን ስፍራ ሲወስን የኖረው ከገበያው ይልቅ የመሬት ሕጉ ነው የሚል ነው።

ከ1967 ዓ.ም. በፊት ምርጫው የቆመው በርስት ላይ ነበር። አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ያጠናው ሥርዓት እንደሚያሳየን፣ ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ዘሩን ከአቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። ዕድሜውን በሰው አገር የጨረሰ ወታደርም ይህ መብት አይነፈገውም። ይሁን እንጂ መብት መኖሩ ብቻውን መሬት አያስገኝም፤ ማሳውን ይዘው የቆዩት ዘመዶች በቀላሉ አይለቁም፤ ሙግት አለ፣ ሽምግልና አለ፣ የዳኛ ደጅ ጥናት አለ። ስለዚህ ተመላሹ የሚመርጠው አፈሩ የለማበትን ሳይሆን ወገን የሚበዛለትንና ሙግቱ የሚቀልለትን አገር ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። ርስቱን ለልጆቹ አካፍሎ፣ ቆብ ደፍቶ፣ ደብር ተጠግቶ የሚያርፍም ጥቂት አልነበረም። ይህኛው መንገድ የምነና ብቻ ተደርጎ ሲነገር እሰማለሁ፤ የኑሮ ዘዴም ነበር።

የመንግሥት አገልጋዮች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ለደመወዝተኛው ሌላ ጧሪ ሰጠው። ከ12 ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይዞታን ለአራሹ አጸና፤ በሌላ ስፍራ ያለ ርስትን ዘር ቆጥሮ መጠየቅም ቀረ። አዋጁ ለአረጋዊው አልጨከነም፤ ሠራተኛ ቀጥሮ ማሳረስን ሲከለክል ሽማግሌና ሕመምተኛን ለይቶ ፈቅዷል። ነገር ግን ይህ የጠቀመው ከቀዬው ያልራቀውን ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወርሶ ኪራይ ቀነሰ። የቀበሌ ቤት የደረሰው ሠራተኛ እርጅናውን ከተማ ውስጥ ማሳለፍ ቻለ።

አሁን ያለው ጡረተኛ ከሁለቱም ወጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ስሌት የመጀመሪያው 10 ዓመት 30 ከመቶ ያስገኛል፤ ከዚያ በላይ ለሲቪል ሠራተኛ በየዓመቱ 1.25 ይታከላል። 30 ዓመት ያስተማረ መምህር እንግዲህ የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 55 ከመቶ ይዞ ይወጣል። በዚህ ገንዘብ መራዊን ቢመኝ አይፈረድበትም፤ ባሕር ዳር ካለው ሐኪም ብዙ አይርቅም። ነገር ግን የቆጋ መስኖ ያለው እዚያው ነው፤ ቡሬም የወለጋ መንገድ መገንጠያና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ መቀመጫ ናት። መሬት ፈላጊው እሱ ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ያለው ግጭት ደግሞ ሐኪም ቤት መቅረቡን እንጂ መንገዱ መከፈቱን ዋስትና አይሰጥም።

የአያቱ አገር ሜጫ ቢሆንም ዘሩን ቆጥሮ መራዊ ላይ የቤት መሥሪያ ቦታ አያገኝም። አዋጅ ቁጥር 721/2004 የሚጠይቀው የሊዝ ጨረታ ነው፤ በጨረታውም አጠገቡ የሚቀመጠው ነጋዴ ነው።